ስሙን ሳይሆን ግቢውን፦ ለጅማ ቤተሰብ የሚስማማው ውሻ የትኛው ነው?

ቀደም ባለው ጊዜ ውሻ ለማሳደግ የፈለገ ቤተሰብ ስለ ዝርያ አይጠይቅም ነበር። የጎረቤት ውሻ ስትወልድ አንድ ቡችላ ይለመናል፤ ቡችላው በቤቱ ትራፊ ያድጋል፤ ሲጠነክር ሌሊቱን ግቢ ይጠብቃል። ዛሬ ግን በጅማ ከተማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ጨቆርሳ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ጥያቄው ተለውጧል። የውሻ ሽያጭ ማስታወቂያዎች በእጅ ስልክ ይዘዋወራሉ። «ጀርመን ሼፐርድ»፣ «ሮትዋይለር»፣ «ካውኬዥያን» የሚሉ ስሞች ለጆሮ አዲስ መሆናቸው ቀርቷል። «ንጹሕ ዘር» እና «ክልስ» የሚሉት ቃላትም የዋጋ መለኪያ ሆነዋል።

ለቤተሰብ የሚስማማ ውሻ መምረጥ ግን ስም የመምረጥ ጉዳይ አይደለም። ውሻው የሚኖርበት ግቢ፣ የሚሰጠው ሥራ፣ በግቢው የሚወጣና የሚገባው ሰው፣ ጎረቤቱና የቤተሰቡ እምነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክትባቱ ከዝርያው ስም በፊት መታሰብ አለባቸው። ውሻ ከአጥር ይወጣል፤ ሲወጣም የባለቤቱን ምርጫ ይዞ ወደ መንደሩ ይዘልቃል። ስለዚህ የአንድ አባወራ ምርጫ የመንደሩ ልጆች ደኅንነት ጉዳይ ይሆናል።

በመጀመሪያ ሥራውን ማወቅ

ውሻ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ሳይወስን ቡችላ የሚገዛ ሰው፣ የሚዘራውን ሳያውቅ ማሳ የሚያርስ ገበሬን ይመስላል። በጅማና በዙሪያዋ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ፍላጎቶች አሉ።

የመጀመሪያው የከተማ ግቢ ጥበቃ ነው። ሰቶ ሰመሮን በመሰሉ የከተማዋ ቀበሌዎች በቆርቆሮ ወይም በብሎኬት የታጠረ፣ ጓሮው ጥቂት የቡናና የአቮካዶ ዛፍ ያለበት ግቢ የተለመደ ነው። ለእንዲህ ያለው ግቢ የሚያስፈልገው የሚነክስ ውሻ ሳይሆን የሚያሳውቅ ውሻ ነው። ሌባ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸው ከጥርስ ይልቅ ከጩኸት ነው፤ ጩኸት ባለቤቱንና ጎረቤቱን ያነቃልና። ለዚህ ሥራ አምስት ጣት የሚያክል ጥርስ ያለው፣ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ውሻ አያስፈልግም። ንቁ፣ ጆሮው ቀና ያለና ቤተኛን ከባዳ የሚለይ መካከለኛ ውሻ ይበቃል።

ሁለተኛው የማሳ ጥበቃ ነው። በጎማ፣ በማና፣ በጌራና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ገበሬው በቆሎውን ከዝንጀሮ፣ ከጦጣና ከከርከሮ መከላከል አለበት። በሌሊት ደግሞ ጅብ ወደ በረት ይጠጋል። በዚህ ሥራ ላይ የሚሰማራ ውሻ ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ፣ ጭቃና ዝናብ የማይበግረው፣ ከዝንጀሮ መንጋ ጋር ለብቻው ተናንቆ ከመጎዳት ይልቅ እየጮኸ የሚያባርርና ለባለቤቱ ጥሪ የሚመለስ መሆን አለበት። በጫካ አጠገብ ነብር ውሻ የሚወስድበት አካባቢም ስላለ፣ ሌሊት ውሻው የሚያድርበት የተዘጋ ቦታ ማዘጋጀት የምርጫው አካል ነው።

ሦስተኛው ጓደኝነት ነው። በኮንዶሚኒየም ቤት፣ በኪራይ ክፍል ወይም በትንሽ ግቢ የሚኖሩ ወጣት ቤተሰቦች ለልጆቻቸው የጨዋታ ጓደኛ የሚሆን ትንሽ ውሻ ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ጥንካሬ ሳይሆን ትዕግሥት ነው፤ ውሻው ከልጅ ጋር መኖር ይችላል? ቤተሰቡስ በየቀኑ ለእርሱ የሚሰጠው ጊዜ አለው?

እነዚህን ሦስት ሥራዎች በአንድ ውሻ ለማሟላት መሞከር የብዙ ችግር ምንጭ ነው። ሌባ እንዲነክስ ተብሎ በጭካኔ ያደገ ውሻ በማግስቱ የልጆች ጓደኛ እንዲሆን አይጠበቅም።

የአገሬው ውሻ የተናቀበት ምክንያት

በተለምዶ «የሀበሻ ውሻ» የሚባለው የአገራችን ውሻ የዘር መዝገብ የለውም፤ ውድድር ላይ አይቀርብም፤ በማስታወቂያም አይወደስም። ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ ጥቅሙም ዝቅተኛ እንደሆነ ይታሰባል። ይህ ግን ከእውነታው ጋር አይጣጣምም።

የመንደር ውሾች የሚባሉት እነዚህ እንስሳት በአፍሪካ ረጅም ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመና በግብፅ፣ በኡጋንዳና በናሚቢያ የመንደር ውሾች ላይ የተካሄደ የዘረመል ጥናት፣ አብዛኞቹ ከውጭ የገቡ ዝርያዎች ቅልቅል ሳይሆኑ የአካባቢው ነባር ውሾች መሆናቸውን አሳይቷል። በሌላ አነጋገር ሰው ለመልካቸው ብሎ ሳይሆን ኑሮ ራሱ ለጥንካሬያቸው ብሎ የመረጣቸው ናቸው። በረሃብ፣ በበሽታ፣ በመዥገርና በዝናብ ውስጥ አልፈው የቀሩት ዘር ይተካሉ።

የአገሬው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛ ቁመና አለው፤ ፀጉሩ አጭር ነው፤ ምግቡ ብዙ አይደለም። የምግብ ጉዳይ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በእንስሳት አመጋገብ ስሌት መሠረት አርባ ኪሎ የሚመዝን ውሻ አሥራ አምስት ኪሎ ከሚመዝነው እጥፍ ያህል ምግብ ይፈልጋል። የኑሮ ውድነት በየቤቱ በሚቆጠርበት ጊዜ ይህ ልዩነት በየወሩ የሚከፈል ወጪ ነው። መጀመሪያ ተወድሶ የተገዛ ትልቅ ውሻ ወጪው ሲከብድ ቀን ቀን ምግቡን ከመንገድ እንዲፈልግ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ባለቤት ያለው የመንገድ ውሻ ይሆናል።

የአገሬው ውሻ እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ወላጆቹ የማይታወቁና በልጅነቱ ሰው ያልለመደ ቡችላ ፈሪ ወይም ተናካሽ ሊሆን ይችላል። በመንገድ ላይ ያደገች እናት የወለደቻቸው ግልገሎች በሆድ ትላትልና በቆዳ በሽታ የተጎዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሆንም በዕድሜው ከተመረጠ፣ ከተከተበና በአግባቡ ካደገ፣ ለአብዛኛው የጅማ ግቢና ለአብዛኛው የቡና ማሳ ከእርሱ የተሻለ የሚስማማ ውሻ ማግኘት ይከብዳል።

የውጭ ዝርያዎችና የጅማ አየር

የውጭ ዝርያዎች እያንዳንዳቸው ለአንድ አገር አየርና ለአንድ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው። ሮትዋይለር ስሙን ያገኘው ከጀርመኗ ሮትቫይል ከተማ ሲሆን፣ ጥንት ከብት ነጂዎችን የሚያግዝ ውሻ ነበር። ጀርመን ሼፐርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጀርመን የበግ እረኛ ውሾች ተመርጠው የተገኘ ዝርያ ነው። ካውኬዥያን ሼፐርድ የበረዷማዎቹ የካውካሰስ ተራሮች መንጋ ጠባቂ ነው። ሃስኪ ደግሞ በሳይቤሪያ ቅዝቃዜ በረዶ ላይ ጋሪ እንዲጎትት የተመረጠ ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ፣ እርጥበቷ ከፍተኛ የሆነ ከተማ ናት። ዝናቡ ለረጅም ወራት ይዘልቃል። ባለ ድርብና ረጅም ፀጉር ውሾች በዚህ እርጥበት ውስጥ ፀጉራቸው ቶሎ አይደርቅም፤ ቆዳቸው ለፈንገስና ለእከክ ይጋለጣል፤ በፀጉራቸው ውስጥ የተደበቀ መዥገርም በቀላሉ አይታይም። በየቀኑ የሚያበጥርና የሚያደርቅ ሰው በሌለበት ቤት ሃስኪ ወይም ካውኬዥያን ማሳደግ እንስሳውን ማሠቃየት ነው። አፍንጫቸው የተጨፈለቀ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ ውሾች ደግሞ በተፈጥሯቸው የመተንፈስ ችግር ስላለባቸው ሙቀትንና ሩጫን አይችሉም።

ጀርመን ሼፐርድ ከሁሉም ይልቅ በአገራችን የተለመደ ነው። ብልህና ለሥልጠና የተመቸ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በዘር የሚተላለፍ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በስፋት የሚታይበት ዝርያ ነው። በአነስተኛ የውሻ ብዛት ውስጥ ወንድምና እኅት እየተዳቀሉ ሲራቡ ይህ ችግር ይብሳል። ከሁሉም በላይ ግን ይህ ውሻ ሥራ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ሌሊት የሚፈታ ጀርመን ሼፐርድ ጉልበቱንና አእምሮውን የሚያውልበት ስለሚያጣ፣ ጩኸቱ፣ ቁጡነቱና ፍርሃቱ ይጨምራል። ቀን የማሰር ልማድ የትኛውንም ዝርያ የሚጎዳ ቢሆንም፣ ለሥራ የተፈጠሩትን ይበልጥ ይጎዳል።

ዝርያ ጠባይን ምን ያህል ይወስናል?

በገበያ ላይ የውሻ ጠባይ ከስሙ ጋር ተያይዞ ይሸጣል፤ «ይህ ዝርያ ልጅ ይወዳል»፣ «ያኛው ጀግና ነው» ይባላል። ሳይንሱ የሚለው ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት የ18,000 ውሾችን ባለቤቶች ጠይቆ፣ ከ2,000 የሚበልጡ ውሾችንም የዘረመል መረጃ መርምሮ፣ በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ውስጥ ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አረጋግጧል። ዝርያ ቁመናን፣ ፀጉርንና መልክን በእጅጉ ይወስናል፤ የአንዱን ውሻ ጠባይ ግን አስቀድሞ አይናገርም።

ጠባይን ይበልጥ የሚቀርጸው የቡችላው የመጀመሪያዎቹ ወራት ኑሮ ነው። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን ይማራል። በዚህ ጊዜ ልጆችን፣ አዛውንቶችን፣ የባጃጅ ድምፅን፣ ጃንጥላ የያዘ ሰውን፣ ከብትንና ዶሮን በሰላም ያየ ቡችላ ሲያድግ አይደነግጥባቸውም። በዚህ ዕድሜው በጨለማ ጎጆ ተዘግቶ፣ «ጨካኝ እንዲሆን» ተብሎ ከሰው የተለየ ውሻ ጀግና አይሆንም፤ የሚፈራ ውሻ ይሆናል። ከፍርሃት የሚነክስ ውሻ ደግሞ ማንን እንደሚነክስ አይመርጥም።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ይደግፋል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው የአደገኛ ውሾች ሕግ ፒት ቡልን ጨምሮ አራት ዓይነት ውሾችን ከለከለች። በ2023 መጨረሻ ደግሞ «ኤክስኤል ቡሊ» የተባለውን ጨመረች። ይሁንና የውሻ ንክሻ በዚያ አገር አልቆመም። ስምን መከልከል ባለቤትን አያስተምርምና።

ጎረቤት፣ ለቃሚ፣ እምነት

በጅማና በአካባቢዋ የቤት በር ለጎረቤት ክፍት ነው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ማንንም የማያስጠጋ ውሻ ያለበት ግቢ ቀስ በቀስ ጠሪና ተጠሪ ያጣል። ውሻ ሲመረጥ «ሌባን ያባርርልኛል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ጎረቤቴን ያስገባልኛል ወይ?» የሚለውም መጠየቅ አለበት።

በቡና አምራቹ ቤት ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ከጥቅምት ጀምሮ የቡና ለቀማው ሲደርስ ግቢውና ማሳው በእንግዳ ይሞላል። ለቃሚዎች ከሌላ ቀበሌና ወረዳ ይመጣሉ፤ እሸት ቡና ተሸክመው ይገባሉ፤ በማድረቂያ አልጋው ዙሪያ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። ውሻ በእጅጉ የሚፈለገውም ያን ጊዜ ነው፤ አልጋ ላይ የተሰጣውን ጀንፈል ሌሊት የሚጠብቅ ያስፈልጋልና። ቀን እንግዳን የሚታገሥ፣ ሌሊት የሚነቃ ውሻ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ በስም አይገዛም፤ ቀን በታጠረ ሰፊ ቦታ የሚያርፍበት፣ ሌሊት የሚለቀቅበት፣ ከሰው ጋር የሚለማመድበት ሥርዓት ሲኖር ይፈጠራል። በመኸሩ ወቅት አዲስና ያልተፈተነ ትልቅ ውሻ ወደ ግቢ ማስገባት ለለቃሚዎች አደጋ ነው።

እምነትም የምርጫው አካል ነው። ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩበት በጅማ አካባቢ ይህ ጉዳይ በብዙ ቤት ይነሣል። በእስልምና አስተምህሮ ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ የሚያገለግል ውሻ መያዝ የተፈቀደ ሲሆን፣ የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ስለ ማንጻት ግን ጥብቅ ሥርዓት አለ። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም ዘንድ ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዲገባ አይፈለግም። ስለዚህ ውሻው የራሱ ማደሪያ፣ የራሱ ዕቃና ከመኖሪያና ከጸሎት ቦታ የተለየ ስፍራ እንዲኖረው ማድረግ የእምነትም የጤናም ጥቅም አለው። ግቢው ለዚህ የማይበቃ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚኖር ውሻ ማምጣት በቤተሰቡ መካከል ቅሬታ መዝራት ነው። ከአያት እስከ ልጅ ያለው የቤቱ ሰው ሁሉ ሳይስማማ ውሻ ባይመጣ ይሻላል።

ከዝርያው በፊት ክትባቱ

እስካሁን የተነሡት ጉዳዮች ሁሉ የምቾትና የወጪ ጉዳዮች ናቸው። ቀጣዩ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ከሆነ በሰዎች ላይ ከሚደርሰው የበሽታው መተላለፍ 99 በመቶው በውሻ አማካይነት ነው፤ አብዛኛው ሞት በአፍሪካና በእስያ ይደርሳል። ሊያብድ ይችላል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያ በዚህ በሽታ ክፉኛ ከሚጎዱት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት።

በሽታው ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከንክሻ እስከ ምልክት ያለው ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚደርስ፣ ወዲያው ሕክምና ያገኘ ሰው ይድናል። ችግሩ ብዙዎች ቁስሉ ሲደርቅ አደጋው ያለፈ ይመስላቸዋል፤ ወይም መጀመሪያ ወደ ባህል መድኃኒት ይሄዳሉ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በሕይወት ይከፈልበታል።

በውሻ የተነከሰ ወይም ቁስሉን የተላሰ ሰው በመጀመሪያ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ አለበት። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመርና ሐኪሙ ያዘዘውን ሁሉ መጨረስ ይገባዋል። ጤነኛ የሚመስለው ነካሽ ውሻ ታውቆ ከሆነ ከመግደል ይልቅ ለ10 ቀናት ታስሮ እንዲታይ ማድረግ ይጠቅማል፤ በሽታው ካለበት በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታልና።

መከላከያው ግን ከንክሻው በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ሉዊ ፓስተር የፀረ እብድ ውሻ ክትባትን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ከተጠቀመ ወዲህ መንገዱ ታውቋል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። በአንድ መንደር አሥር ውሾች ካሉ ሰባቱ መከተብ አለባቸው ማለት ነው። እዚህ ላይ የዝርያ ልዩነት የለም። ያልተከተበ ውድ ሮትዋይለር ከተከተበ ተራ የመንደር ውሻ ይልቅ ለጎረቤት ልጅ አደገኛ ነው።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት ያገኛል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም ባለሙያው በሚያዘው ጊዜ ይቀጥላል። ከዚህ ሌላ በተለይ ቡችላዎችን የሚፈጁ ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉ በሽታዎች ክትባት ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ በተከታታይ ይሰጣል። ከውጭ ዝርያ ቡችላ ገዝተው በሳምንቱ የሚቀብሩ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ ያጡት ይህንን ክትባት ነው።

የሆድ ትላትልም ሊረሳ አይገባም። በበዓላት ሰሞን በየግቢው ከብትና በግ ሲታረድ፣ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይገኛሉ፤ ይህም ለውሻ ይጣላል። ውሻው በዚህ የሚይዘው ትል እንቁላሉን በሰገራው ያወጣል፤ እንቁላሉ በእጅ፣ በአትክልት ወይም በውሃ ወደ ሰው ሲደርስ በሰውም ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ይፈጥራል። ስለዚህ የተበላሸ የሆድ ዕቃን መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻውንም የትል መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋል።

ሕጉ ባለቤቱን ይጠይቃል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ባለቤቱ እንስሳው ሳይታሰብ አመለጠኝ ወይም እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልገመትኩም ቢል እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። በአጥር ላይ «ከውሻ ተጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ጥሩ ቢሆንም፣ በሩ ተከፍቶ ውሻው መንገድ ላይ ያለን ሕፃን ከነከሰ በኋላ የባለቤቱን ዕዳ አይሰርዝም።

ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ጥንካሬውን መቆጣጠር የማይችለውን ውሻ አይገዛም። ቀላል መመዘኛ አለ፤ በቤቱ ውስጥ ውሻውን በገመድ ይዞ ማቆም የማይችል ሰው ብቻውን ከእርሱ ጋር የሚውል ከሆነ፣ ውሻው ለዚያ ቤት ትልቅ ነው።

ቡችላ ሲመረጥ

ውሳኔው ከተደረሰ በኋላ የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

ቡችላው ከእናቱ የሚለየው ከስምንት ሳምንት በፊት መሆን የለበትም፤ ቀድሞ የተለየ ቡችላ የንክሻውን ልክ ከእናቱና ከወንድሞቹ ሳይማር ይቀራል። ገዢው እናቲቱን ማየት አለበት፤ ሰው ሲቀርባት የምትንቀጠቀጥ ወይም የምትዘል እናት ስለ ግልገሎቿ ትናገራለች። ሻጩ እናቲቱን ለማሳየት ካልፈለገ ግዢውን መተው ነው። የክትባት ካርድ ካለ የእንስሳት ሐኪም ማኅተምና ቀን ሊኖረው ይገባል።

ዓይኑ የጠራ፣ አፍንጫው የማይንጠባጠብ፣ ሆዱ ከመጠን በላይ ያልተነፋና ፀጉሩ ያልተበጣጠሰ ቡችላ ይመረጣል። ከግልገሎቹ መካከል ሁሉን የሚያጠቃው ለቤተሰብ አይሆንም፤ ጥግ ይዞ የሚደበቀውም አይሆንም። ድምፅ ሲሰማ ደንገጥ ብሎ ወዲያው ተመልሶ ለማየት የሚመጣው የተሻለ ነው።

ብዙዎች ወንድ ውሻ ይመርጣሉ፤ ሴቶቹ ቡችላዎችም በየመንገዱ ይጣላሉ። ከተጣሉት ውስጥ በሕይወት የቀሩት ሴቶች ያለ ክትባት ይራባሉ። ሴት ውሻ ጥሩ ጠባቂ ናት፤ መራባቷ የሚያሳስበው ቤተሰብ የእንስሳት ሐኪም አማክሮ ማምከን ይችላል። ወንዱን ማኮላሸትም ከግቢ ወጥቶ መዞሩንና ከሌሎች ጋር መናከሱን ይቀንሳል።

ጊዜ፣ ቦታ ወይም ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ደግሞ ውሻ አለማሳደግም ትክክለኛ ምርጫ መሆኑን ማወቅ አለበት። ጥሩ መብራት፣ የተጠገነ አጥርና የሚተዋወቅ ጎረቤት ከተራበና ካልተከተበ ውሻ የበለጠ ይጠብቃሉ።

የቤተሰብ ምርጫ፣ የከተማ ሥራ

በአገራችን በየመንገዱ የሚታዩት ውሾች አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው። ቀን ይለቀቃሉ፣ ሌሊት ይመለሳሉ። ስለዚህ የመንገድ ውሻ ችግር መነሻው ግቢ ነው። ውሾችን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማያጠፋ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ አሳስቧል፤ የተገደሉትን ቦታ ያልተከተቡ አዳዲስ ውሾች ይይዙታልና።

በሽታው የሰውን ብቻ ሕይወት አይነካም። በባሌ ተራሮች የሚኖረውና በዓለም ላይ ለአቅመ ዘር የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 በታች የሆነው ቀይ ቀበሮ፣ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ከቤት ውሾች በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ተመትቷል። አንድ እረኛ ሳያስከትብ የለቀቀው ውሻ ለአንድ ብርቅዬ እንስሳ ህልውና ስጋት ሆኗል።

ጅማ በዚህ ረገድ ብዙ ከተሞች የሌላቸው አቅም አላት። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ማዕከልም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕሙማን የሚታከሙበት ነው። የእንስሳትና የሰው ሐኪሞች በአንድ ከተማ መገኘታቸው፣ ከቀበሌዎች ጋር ተባብረው የውሾችን ቁጥር ለመመዝገብና በዘመቻ ለመከተብ መልካም አጋጣሚ ነው።

ወቅቱም የተመቸ ነው። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28፣ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት ይውላል። ክትባቱ በውሻው ሰውነት ውስጥ በቂ መከላከያ ለመፍጠር ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ያስፈልገዋል። በመስከረም የተከተበ ውሻ የቡና ለቀማው ሲጦፍ፣ ለቃሚውም ከአገር አገር ሲንቀሳቀስ የተዘጋጀ ይሆናል። በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት ክትባቱን ከቡና መኸሩ በፊት የማድረግ ልማድ ቢያድግ ትልቅ ወጪ ሳያስፈልገው ብዙ ሕይወት ያተርፋል። ዓለም በ2030 በውሻ አማካይነት የሚመጣ የእብድ ውሻ ሞትን ዜሮ ለማድረግ ያስቀመጠው ግብም የሚሳካው በእንዲህ ያለው የወረዳና የቀበሌ ሥራ ነው።

ለጅማ ቤተሰብ የሚስማማው ውሻ የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ግልጽ ነው። ለግቢው የሚመጥን፣ ለአየሩ የተስማማ፣ ቤተሰቡ ሊመግበው የሚችል፣ ለጎረቤትና ለለቃሚ የማያሰጋና የተከተበ ውሻ ነው። ይህን የሚያሟላው የአገሬው ውሻ ከሆነ ስሙ አያሳፍርም፤ የውጭ ዝርያ ከሆነም ስሙ ብቻውን አያድነውም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው ውሻ ለሚመግበው ታማኝ ነው። ባለቤቱም ለዚያ ታማኝነት የሚመልሰው ብድር አንድ የክትባት ካርድና የተዘጋ በር ነው።